ያልተጠየቀ ይቅርታ

ሟቹን ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የይቅርታ ቦርድ ጽሕፈት ቤት የፋይል ክፍል ሳይቆለፍ ማደሩ ገርሟት በሩን ገፋ ስታደርገው፣ መጀመሪያ ያየችው የጫማ ሶል ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መጥረጊያዋን እንደ ሕፃን አቅፋለች።

ሟቹ የተጎጂ ቤተሰቦችን የይቅርታ ደብዳቤ እየሰበሰበ በዚህ ክፍል ለዐሥራ አንድ ዓመት ብቻውን የሠራ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። በጀርባው ወድቋል። ከራሱ በላይ ካሉት የብረት ሣጥኖች የአንዱ መሳቢያ እስከ መጨረሻው ተስቦ ወጥቷል፤ ጥጉ ላይ ደም ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ ያልተገጠመ የማኅተም ቀለም፣ ግማሹ የተጠጣ ሻይና አንድ ፋይል አሉ።

"ተገፍቶ ነው" አለ ሳጅኑ። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው፣ ዝምታ የሚያስጨንቀው ሰው ነው። "ሰው ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ እንዲህ አይወድቅም፣ ካልሰከረ በቀር። ሻይ ደግሞ አያሰክርም።"

ኢንስፔክተሯ ፋይሉን ከፈተች። ገጾቹ ቁጥር አላቸው። ከዐሥራ ሦስት በኋላ የመጣው ዐሥራ አምስት ነው። የፊተኛው ማውጫ የጎደለውን ይናገራል፦ *የተጎጂ ቤተሰብ የይቅርታ ደብዳቤ።*

ፋይሉ የአንድ አናጢ ነው። የዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጋራዥ ውስጥ በተነሣ ጠብ ሰው ገድሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። አናጢነቱን የተማረው እዚያው እስር ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ አድርገውለት ከወጣ ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቦርዱ ይቅርታውን ከመወሰኑ በፊት የፖሊስን አስተያየት ጠይቆ ነበር። "እንቃወማለን" የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ተደርጓል፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሷ የኢንስፔክተሯ ነው። መቼ እንደፈረመች ትዝ አላላትም። ያን ጊዜ ፋይሉን አልከፈተችውም ነበር።

የበር ጥበቃው መዝገቡን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበ።

"ትናንት ከሰዓት በኋላ የተመዘገበው አንድ ሰው ነው፣ እሱም አናጢው። ዐሥር ሰዓት ላይ ገባ። ሲጮህ ሰምቻለሁ።"

"ምን እያለ?"

"'አድራሻዋን ስጠኝ' እያለ። ሁለት ሦስቴ።"

"የወጣበት ሰዓት አልተሞላም።"

"ሲወጣ አላየሁትማ። አንዳንዴ ከኋላ ውሃ ለመቅዳት እሄዳለሁ። እኔ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ሄድኩ፤ ሟቹ ነፍሱን ይማርና ሁልጊዜ ራሱ ነው የሚቆልፈው።"

የሟቹ ሚስት ስልክ ላይ ያለው ማስረጃ ሰዓቱን አጠበበው። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ደውላለት "እየመጣሁ ነው" ብሏታል። ዐሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ስትደውል አልመለሰም።

አለቃዋ በሩን ዘግቶ አነጋገራት። "ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ዝርዝር አለ። ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ይሄ ሰው ገድሎ ከሆነ ይቅርታው ይሰረዛል፣ ዕድሜ ልኩን ይመለሳል፣ ዝርዝሩም መሳቢያ ይገባል። እስከ ዓርብ ንገሪኝ።"

"ካልገደለስ?"

"ያንንም እስከ ዓርብ።"

*

አናጢው የተከራየው ክፍል በአንድ ትልቅ ግቢ ጓሮ ውስጥ ነው። ሲገቡ ተነሥቶ ቆመ፤ ተቀመጥ እስኪሉትም አልተቀመጠም። ዕድሜው ከአርባ ብዙ አላለፈም፤ አንገቱ ግን የሽማግሌ ነው።

"ትናንት ጽሕፈት ቤቱ ምን ፈልገህ ሄድክ?"

"አድራሻ።"

"የማንን?"

"የገደልኩት ሰው እህት።"

ሳጅኑ እርሳሱን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። "ምን ልትሆንልህ?"

አናጢው ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። ሲፈታው የደብዳቤ ኮፒ ነው፤ ከእስር በወጣ ቀን የሰጡት። *እኔ የሟች እህት፣ ወንድሜን የገደለውን ሰው ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ከእስር ቢወጣ ተቃውሞ የለኝም።* ከጽሑፉ በታች የአውራ ጣት አሻራ አለ።

"ላመሰግናት ነበር" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር ጽፋልኝ ዝም ብዬ እንዴት እቀመጣለሁ?"

"ጮኸሃል።"

"ጮኼያለሁ። እስር ቤት ካልጮኹ አይሰማም። ድምፄን ገና አልቀነስኩትም።" አሁን ግን የሚናገረው በሹክሹክታ ነበር። "አይሆንም አለኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፤ ወጣሁ።"

"የመውጫ ሰዓትህን አልሞላህም።"

"እሱን የሚሞላው ጠባቂው ነው።" ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። "ማለቴ… እኛ ጋ እንደዚያ ነበር።"

"ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?"

"እዚሁ።"

"ምን እያደረግህ?"

አናጢውን ላብ አጠመቀው። ጉልበቱን በመዳፉ አሻሸ። "ምንም።"

"ያየህ ሰው አለ?"

"የለም።"

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሳጅኑ "ምንም ያላደረገ ሰው ላብ አያጠምቀውም" አለ። "እኔ እንደሆንኩ በይቅርታ አምናለሁ። ሰው ሲለቀቅ ደስ ይለኛል። ይሄኛው ግን የሆነ ነገር ደብቋል።"

ኢንስፔክተሯ ተመለሰችና ከአናጢው ክፍል ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ የምትዋሰነውን በር አንኳኳች።

ጎረቤቷ የቀድሞ የስልክ ኦፕሬተር ናት። ብቻዋን ትኖራለች። እንግዳ መምጣቱ ደስ ስላላት ሁለቱንም አልጋዋ ላይ አስቀምጣ እሷ ቆመች።

"ትናንት ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚያኛው ክፍል የሰማሽው ነገር አለ?"

"ሁልጊዜ የምሰማውን። የሬዲዮው የዜና ምልክት ሲሰማ በሩ ጋ ሄዶ ይቆማል። እግሩ ይሰማኛል። ከዚያ 'አራት መቶ ሰባት፣ አለሁ' ይላል።"

"ለማን?"

"ለማንም። መጀመሪያ ስልክ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ስልክ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፤ ከወዲያ መልስ እንደሌለ ገባኝ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ባለፈው እሑድ አሳዘነኝና በግድግዳው 'እሺ' አልኩት።"

"እሱስ?"

"ጸጥ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው። ትናንትም ብሏል። እኔም በሆዴ እሺ ብያለሁ።"

ከዚህ ክፍል እስከ ጽሕፈት ቤቱ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ "በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ እንደነበር ጎረቤቱ መስክራለች" ብላ ጻፈች። የእስር ቤት ቆጠራ ሲመልስ እንደተሰማ ግን አልጻፈችም።

*

የተጎጂ ቤተሰቦች ማኅበር ሊቀመንበርን ያገኙት ሬዲዮ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ነው። ልጁ ከተገደለች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ይቅርታን በመቃወም ከእሱ በላይ የሚታወቅ ሰው የለም፤ ቦርዱን ሲያስፈራራም ተሰምቷል።

"ትናንት ከዐሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት የት ነበሩ?"

"እዚህ፣ ማይክሮፎን ፊት። ሰው እየደወለ ሲሰድበኝ ነበር። እኔ ብገድለው ኖሮ በቀጥታ ስርጭት እነግርሽ ነበር።"

ቴክኒሻኑ በመስታወቱ ማዶ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እውነት ነው፣ ሁሉም ሰምቶታል።

"ሰውዬው ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ታስሯል" አለ ሳጅኑ። "እዚያ ቢበሰብስ የእርስዎ ልጅ ትመለሳለች?"

"አትመለስም። እኔም አልተመለስኩም።" ሊቀመንበሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። "ፕሬዚዳንቱ ልጄን አያውቋትም። ያላወቁትን ሰው ሞት ይቅር የሚሉት በምን ሂሳብ ነው? እሺ፣ እሳቸውስ ይሁኑ፤ ከራሳችን ሰው መሐል የሚፈርም አለ። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፣ አናጢው የገደለው ሰው እህት። ስንት ዓመት ከእኛ ጋር ስትቀመጥ፣ ለካ ፈርማ ኖሯል። ሰኞ ዕለት የፋይሉ ኮፒ በሰው እጅ ደርሶኝ ደወልኩላትና ከዛሬ ጀምሮ አትምጪብን አልኳት።"

"ምን መለሰች?"

"'እኔ?' አለች። ዘጋሁት።"

*

ኢንስፔክተሯ ሐሙስን በቢሮዋ ጀመረች። ቤቷ ከመዋል ይሻላታል፤ እዚህ ቢያንስ ስልኩ ይጮኻል። የመጀመሪያው የሐኪሙ ነበር።

"አንድ ነገር አለ፣ ላይጠቅምሽም ይችላል። የግራ እጁ አውራ ጣት ሐምራዊ ነው። ቀለሙ ቆዳው ውስጥ ገብቷል፣ የአንድ ቀን አይደለም። ማኅተም የሚመታ ሰው ጣቱ ቢነካካ ገባኝ። ግን የግራው? አውራ ጣቱ ብቻ?"

ስልኩን ዘግታ ከአናጢው የወሰደችውን ኮፒ አወጣች። አጠገቡ ሐኪሙ የላከውን የሟቹን አሻራ አስቀመጠች። ሁለቱም ላይ አውራ ጣቱን አግድም የሚቆርጥ የድሮ ጠባሳ አለ።

ከሳጅኑ ጋር ተመልሳ የፋይል ክፍሉን ሣጥኖች አንድ በአንድ ከፈተች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የገቡት ደብዳቤዎች የተለያዩ ናቸው። ፊርማ አለ፣ ትንሽ አሻራ፣ ትልቅ አሻራ አለ፤ አንዱ ላይ እንባ ይሁን ውሃ ቀለሙን አጥቦታል። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ፊርማ የለም። አርባ ሦስት ቤተሰብ፣ አንድ አውራ ጣት።

"በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መጻፍ የሚችል ቤተሰብ ጠፋ?" አለ ሳጅኑ።

"ፊርማ ከሌላ ፊርማ ጋር ይተያያል። አሻራን ያስመረመረ ሰው የለም።"

"ታዲያ አናጢያችን ተረፈ። አልገደለም።"

"አልገደለም" አለች። "ግን ደብዳቤው ሐሰት ከሆነ ይቅርታው ከመነሻው ይፈርሳል። ገዳዩን ስናቀርብ እሱንም አብረን እንመልሰዋለን።"

ሳጅኑ በሩን አየት አደረገ። "ገጹ ጠፍቷል። ኮፒው አንቺ ጋ ነው። ወረቀት ደግሞ… ይጠፋል።"

"እኔ ይሄን ሰው አይውጣ ያልኩት ከወንበሬ ሳልነሣ ነው። አሁን ደግሞ ከወንበሬ ሳልነሣ ይውጣ ልበል?"

ገጹን ማን ይወስደዋል? አናጢው አይደለም፤ ነፃነቱ እሱ ነው። ወረቀቱን የሚፈልገው ስሙ ያለበት ሰው ነው። ግን መዝገቡ ላይ የተጻፈ ሌላ ሰው የለም። ወደ ጥበቃው ተመለሰችና ጥያቄዋን ለወጠች።

"ማክሰኞ ያልመዘገብከው ሰው ገብቷል?"

"አንዲት ሴትዮ ገብታለች። እኔ ልሄድ ስል… ዐሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ።"

"ለምን አልመዘገብካትም?"

ጥበቃው መዝገቡን ከፍቶ በጣቱ አሳያት። ስም። የታራሚው ቁጥር። ከታራሚው ጋር ያለው ዝምድና። "'ታራሚ የለኝም' አለችኝ። 'ዝምድናሽስ?' ስላት 'እኔ የሟች ነኝ' አለች። ምን ብዬ ልጻፍ? እዚህ የሟች ዘመድ መጥቶ አያውቅም። ግቢ አልኳት። ኢንስፔክተር፣ አንቺ የጠየቅሽኝ የተመዘገበውን ነው።"

*

ልብስ ሰፊዋ የምትሠራውም የምትኖረውም በአንድ ክፍል ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እያንዳንዱ ኮሌታ ውስጥ የልጁ ስም በነጭ ክር ተጽፏል፤ ቆንጆ፣ እኩል እኩል የሆነ ጽሕፈት። ስድሳዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ፖሊሶቹን ስታይ የስፌት መኪናዋን አቆመች፤ ተነሥታም ከጨርቁ ክምር ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለኢንስፔክተሯ ሰጠች። ቁጥር ዐሥራ አራት ይላል።

"እይው" አለች። "ጣት። እኔ ፊርማ አለኝ።"

"ማክሰኞ የሆነውን ይንገሩኝ።"

"አንድ ወንበር ትርፍ አለ፣ ተቀመጪ የኔ ልጅ።" እሷም ተቀመጠች። "ደብዳቤውን አሳየኝ አልኩት፤ አውጥቶ አሳየኝ። መጥፎ ሰው አይደለም። 'ላስቸግርሽ አልፈለግኩም' አለኝ። 'መጀመሪያ በየቤቱ እሄድ ነበር። ያለቅሳሉ። ፎቶ ያወጣሉ። እጄን ይዘው አይለቁኝም። አልቻልኩበትም' አለ።"

"እርስዎስ?"

"ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው መጥቶ እስኪጠይቀኝ ጠብቄያለሁ አልኩት። እሺ እንደምል፣ እንቢ እንደምል አላውቅም ነበር። ሲመጡ አስብበታለሁ እል ነበር። ይሄ የተቀመጥሽበት ወንበር ለዚያ ነው። ሌላ ሰው ወደዚህ አይመጣም።" እጇን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ወንድሜን ወሰዱት፣ እሺ። የቀረኝ እሺና እንቢዬ ነበር፤ እሱንም ሳይጠይቁኝ ወሰዱት። ወረቀቱን ይዤ ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ፤ ገፋሁት። በሁለት እጄ ነው የገፋሁት።"

"ከዚያስ?"

"ተነሥ አልኩት። አልተነሣም። መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።"

"ሰው ቢጠሩ ኖሮ…"

"ማንን?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ጥያቄው የእውነት ነበር። ኢንስፔክተሯ ኮቷን እስክትለብስ ጠበቀቻት።

*

ለአናጢው ነገሩን የነገረችው ራሷ ኢንስፔክተሯ ናት። ቆሞ ሰማት።

"ታዲያ ማንም ይቅር አላለኝም ማለት ነው።"

"ማንም።"

"እሺ" አለና ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ። ጫፉን ከጫፍ አጋጥሞ፣ በእጁ እየተጫነ።

"ቆይ። አልሄድክም ገና። እህትየዋ ጣቢያ ናት። ማንም ጠይቋት አያውቅም።"

የጣቢያው የምርመራ ክፍል መስኮት የለውም። አናጢው ከልብስ ሰፊዋ ፊት ተቀመጠ። ኢንስፔክተሯ ከግድግዳው አጠገብ ቆመች። መጀመሪያ የተናገረችው ልብስ ሰፊዋ ናት።

"መጨረሻ ላይ ምን አለ?"

"ማን?"

"ወንድሜ። ፍርድ ቤት ስለ ብረቱ ጠየቁህ፣ ስለ ሰዓቱ ጠየቁህ። ይሄን ማንም አልጠየቀህም።"

አናጢው ጠረጴዛውን አየ። "ምንም አላለም እትዬ። እየሣቀ ነበር። ብረቱን አንሥቼ ቆሜ ይሥቅብኛል። እየሣቀብኝ ነው የመታሁት።"

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየችው።

"ሲፈራ ይሥቅ ነበር" አለች። "ከልጅነቱ ጀምሮ። አባታችን ሊመታው ሲል ይሥቃል፤ እየሣቀ ስለሆነ የባሰ ይመታል። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።"

አናጢው እጁን አፉ ላይ አደረገ።

ኢንስፔክተሯ የታተመውን የይቅርታ ቅጽ አቀረበች። ልብስ ሰፊዋ አንብባ መለሰችላት።

"ይሄ የኔ አይደለም። ባዶ ወረቀት ስጪኝ።"

በዚያ በኮሌታዎቹ ላይ ባለው እኩል ጽሕፈት ሁለት መስመር ጻፈች፣ ፈረመችም። *ይቅር አላልኩትም። ወደ እስር ቤት እንዲመለስ ግን አልፈልግም።*

*

ዓርብ ጠዋት አለቃዋ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። "ይሄ ይቅርታ አይደለም።"

"አይደለም።"

"ቦርዱ ከየትኛው ገጽ ጋር ያያይዘዋል?"

"በጎደለው በዐሥራ አራተኛው ገጽ ቦታ። እውነት የሆነ ዐሥራ አራተኛ ገጽ አግኝተዋል።"

ቦርዱ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ ብልጫ ይቅርታውን አጸናው። ከዝርዝሩ ውስጥ የሐሰት ደብዳቤ ያለባቸው ዐሥራ ሰባት ሰዎች፣ ቤተሰቦቹ በአካል እስኪጠየቁ እንዲቆዩ ተደረገ። የሚጠይቅ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ኢንስፔክተሯ እሄዳለሁ አለች።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋን ወደ ሴቶች ማረፊያ ቤት የሚወስደው መኪና ሲጠበቅ አናጢው መጣ። ማንም አልጠራውም። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ከእሷ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ተቀመጠ።

"ከበሩ ራቅ ያለ አልጋ ይጠይቁ" አለ ፊት ለፊቱን እያየ። "በር አጠገብ ብርድ አለው፤ መብራቱም ዓይን ውስጥ ይገባል።"

"እሺ።"

"ሳሙናዎን ለሁለት ቆርጠው ግማሹን ብቻ ያውጡ።"

"እሺ።"

"ደግሞ ስፌት እንደሚችሉ በመጀመሪያው ሳምንት እንዳይናገሩ። የተቀደደ ልብሱን ያልያዘ የለም። አንዴ ካወቁ ከጠዋት እስከ ማታ እየመጡ ዕረፍት ይነሱዎታል።"

ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። የመኪናው ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

"ይምጡ" አለች። "ይምጡብኝ።"